የእማማ ሃይጋኑሽ እርጎ ዜና ዕረፍት

ዋተርታውን፣ ማሳቹሴትስ
ኤፕሪል 11 ቀን 1972

ለተከበሩ እትዬ ሳተኒግ፣
የእማማ ሃይጋኑሽ አንዲት ሴት ልጅ፣ የሟቹ ባለቤቴ የሚህራን ታላቅ እኅት፣
ፍሬዝኖ፣ ካሊፎርኒያ

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከአንዳችን በቀር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እማማ ሃይጋኑሽ ከአርመን አገር ከኻርፐርት በነጭ መሐረብ ላይ አድርቀው፣ በደረታቸው ሸሽገው፣ በረሃውን በእግር ባሕሩን በመርከብ አሻግረው ያመጡት፣ በዚህም ቤት አንድ ቀን ሳይቋረጥ ሲረጋ የኖረው እርጎ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የማስታውቅዎ በጥልቅ ኀዘን ነው። የሞቱ ምክንያት ሾርባ ነው። ሰሞኑ የፋሲካ እንደመሆኑ ከጾም የወጣ ሁሉ እኛ ቤት ገብቶ ነበር። የእርጎ ሾርባ ስሠራ፣ ለእርሾ የሚቀረውን ማንኪያ ሳላስቀር ማሰሮውን እንዳለ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ሾርባው ጥሩ ነበር ተብሏል።

ለእማማ አልነገርኳቸውም። በጃንዋሪም በፌብሩዋሪም እንደጻፍኩልዎ፣ ጉሮሯቸው ከእርጎ በቀር ምንም አይቀበልም። ሐኪሙ እስከ መኸር ይቆያሉ ብዬ አልምልም ብሏል።

ከዚያ እርጎ የተወለደ በዓለም ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እርስዎ ሲያገቡ በሰማያዊው ማሰሮ ይዘውት የሄዱት። ደንቡን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እርሾ በፖስታ አይላክም፣ በመንገደኛም አይሰደድም። ባለቤቷ ራሷ ይዛው ትመጣለች፣ የወተቱን ሙቀት በትንሿ ጣቷ ትለካለች፣ እስኪረጋም ከቤቱ ሰዎች ጋር ተቀምጣ ትጠብቃለች።

በስልክ ያልነገርኩዎ ስለሚዘጉብኝ ነው። ይምጡልን።

ማክሩሂ
የላይኛው ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ
(ፊርማው ላይ ሹመቴን የጻፍኩት እጄ ለምዶት ነው፤ ይቅርታ)

―――

ፍሬዝኖ
ኤፕሪል 15

ሙሽሪት፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርኩት። ኀዘኑ ላይ ስደርስ ወንበር ሳብኩ። ሾርባው ላይ ስደርስ ባሌን ጠርቼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ኖባርን ታውቂዋለሽ፤ የዘቢብ ዋጋ ካልጨመረ ጥርሱ አይታይም። ሳቀ።

ቱርክ ያልገደለውን፣ በረሃ ያልገደለውን፣ የመርከብ ማዕበል ያልገደለውን አንቺ በድስት ገደልሽው። እንዲያው እጅሽን አሳዪኝ ቢሉሽ ታሳያለሽ?

አዎ፣ ዛሬም ሙሽሪት ነው የምልሽ። ስልሳ ሊሞላሽ ነው አሉ፤ ይሙላሽ። እኛ ቤት ገብቶ ማንኪያ እርሾ ማስቀረት ያልለመደ ሰው ገና ቬሉን አላወለቀም።

የእኔው እንዴት ነው ብለሽ አልጠየቅሽም። ልንገርሽ፤ ማንኪያ ብታቆሚበት ይቆማል። ባለፈው በእኛ በታችኛው ቤተ ክርስቲያን ግብዣ ላይ ካህኑ ቀምሰው ጸሎቱን ረሱት።

«ይምጡልን» ትያለሽ። ቀስ በይ። እርሾ የሚፈልግ መጀመሪያ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። በማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ፣ ያቺ ፔሩዝ ሊቀ መንበራችሁና ሌሎቹም ቦርሳቸውን ታቅፈው እንደተቀመጡ፣ ተነሥተሽ የእማማን እርጎ ማን እንደገደለው ትናገሪያለሽ። «ሞተ» እንዳትይ። «ገደልኩት» በይ። በቃለ ጉባኤ አስፍሪና ግልባጩን ላኪልኝ።

ስልክ አትደውዪ። በስልክ ታለቅሺያለሽ።

ለእማማ ሰላም በይልኝ። አይ፣ ተይው።

ሳተኒግ

―――

ዋተርታውን
ሜይ 2

ለተከበሩ እትዬ ሳተኒግ፣

ይህን ያህል የዘገየሁት ስብሰባው በወር አንዴ ስለሆነ ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

በኤፕሪል 24 ደብዳቤዎ ላነሷቸው ጥያቄዎች መልሱ እንደሚከተለው ነው። አዎ፣ ሽርጥ ታጥቄ ነበር። ሰክሬ አልነበረም። የልጄ ሚስት ካትሊንም ድስቱ አጠገብ አልነበረችም፤ የአየርላንድ ልጅ ብትሆንም እርጎ አትገድልም። «አውቀሽ ነው ወይ» ላሉት፣ ሰው አውቆ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ብለው ካሰቡ ከእኔ የከፋ ሰው አይተዋል ማለት ነው።

ትናንት በስብሰባው ላይ፣ ከሽርሽሩ አጀንዳ ቀጥሎ፣ ተነሥቼ «የእማማ ሃይጋኑሽን እርጎ ገደልኩት» አልኩ።

ወይዘሮ ፔሩዝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ። ይሄንን ማን ይጽፈዋል?»

«እኔው እጽፈዋለሁ።»

«በራስሽ ላይ?»

«በራሴ ላይ።»

ከኋላ አንዲቱ «እኔ ደግሞ ስትነሣ ካንሰር ልትነግረን መስሎኝ ልቤ ወጣ» አለች።

«ካንሰር ቢሆን እኮ ምስር ወጥ ይዘን ሄደን እንጠይቃታለን» አለች አጠገቧ ያለችው። «አሁን ምን ይዘን እንሄዳለን?»

ከዚያም በበጋው ሽርሽር ላይ የእርጎውን መጠጥ ከማዘጋጀት ታግጄ ኪያር እንዳጥብ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ድምፁ የወይዘሮ ፔሩዝ ነበር። ግልባጩ ተያይዟል።

እማማ ከሱቅ የተገዛውን አምስት ማንኪያ ቀምሰው «ይሄን ያረጋችው እናት የሌላት ናት» ብለው መለሱልኝ። በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ይላሉ። ፖስተኛው ሲያልፍ ያዩታል። ይምጡልን።

ማክሩሂ

―――

ፍሬዝኖ
ሜይ 19

ሙሽሪት፣

ቃለ ጉባኤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ኪያሩ ጋ ስደርስ ሁሌ እንደ አዲስ ነው።

በሜይ 9 ደብዳቤሽ ላይ ወንድሜ ሚህራን ሲቀበር ስለላክሁት ዘቢብ አንሥተሻል። ምን ጎደለው? የተመረጠ ዘቢብ ነበር፤ ለሱቅ የማንሰጠው። ቀብሩ ላይ ለምን አልመጡም ላልሽው ግን ልመልስልሽ፣ ምናልባት ሚህራን ደብቆሽ ይሆናል።

በ1938 ኖባርን በታችኛው ቤተ ክርስቲያን ሳገባ እማማ በሠርጉ አልተገኘችም። ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ የላይኛው ሰው ናታ፤ የታችኞቹ ደጅ ብትቆም ጫማዋ ይረክሳል። ሻንጣዬን ልወስድ ስመጣ በሩ ላይ ቆማ ሰማያዊውን ማሰሮ ሰጠችኝ። «ይኸው ድርሻሽ። ቢያልቅብሽ ለተጨማሪ እንዳትመጪ» አለችኝ። ባቡር ላይ ሰባት ቀን በጭኔ ይዤው ሄድኩ፤ ሌሊት እንኳ አላስቀመጥኩትም።

አላለቀብኝም። ለተጨማሪም አልመጣሁም። አሁን ለተጨማሪ የመጣው ማን ነው?

እና እነዚያ የላይኞቹ ሴቶች ፊት መናዘዝሽ እንደ ጓዳ መውደቅ ነው፤ ሰው አላየሽም። አሁን ደግሞ እዚያው ከተማችሁ ያለው የታችኛው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሂጂና የእኛዎቹ ፊት ድገሚው። ወይዘሮ አዛዱሂ ትጠብቅሻለች፤ ጽፌላታለሁ።

ሌላም አለ። ለእማማ ንገሪያት። በራሷ አፍ «አለቀብኝ» ትበለኝ። ከዚያ ስለ መምጣት እንነጋገራለን።

ሳተኒግ

―――

ዋተርታውን
ጁን 10

ለተከበሩ እትዬ ሳተኒግ፣

ሁለቱም ተፈጽሟል።

የታችኛው አዳራሽ ከእኛው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፤ በዚህ ከተማ ስኖር ገብቼበት አላውቅም። ወንበሮቹ ከእኛዎቹ ጋር አንድ ናቸው፤ ከአንድ ቀብር አስፈጻሚ የተገዙ መሰለኝ። ወይዘሮ አዛዱሂ በሩ ላይ ተቀብለውኝ «አንቺ ነሽ ገዳይዋ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «በይ ግቢ፣ ልጆቹ ከትምህርት ሳይወጡ እንጨርስ።» ወረቀቴን አነበብኩ። አንዲት ሽማግሌ አልሰማሁም ስላሉ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሲያልቅ አንድ ሁለት ሴቶች አጨበጨቡ፤ ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸው ይመስለኛል። ቡና ሰጡኝ፤ ስኒውን ያለ ማስቀመጫ። ስወጣ ወይዘሮ አዛዱሂ ደረጃው ላይ ተከትለውኝ «እንዲያው ለመሆኑ፣ አሮጊቷ ምን ላይ ናቸው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። በደብዳቤዎችዎ ውስጥ ይህን ጥያቄ ብፈልገው አጣሁት።

ለእማማ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እርሳስ አምጪ ብለው ይህን አስጻፉኝ፤ ፊርማው በእጃቸው ነው።

«ሳተኒግ። አለቀብኝ። ሃይጋኑሽ።»

ሌላ የሚጨመር እንዳለ ጠየቅኳቸው። «በሦስት ቃል ካልመጣች በሠላሳ አትመጣም» አሉ።

አሁን ፖስተኛው ሲመጣ መስኮቱን በቀለበታቸው ያንኳኳሉ። ሰውየው መጀመሪያ ይደነግጥ ነበር፤ አሁን ግን ገና ከማዶ ሳለ ባዶ እጁን ያሳያቸዋል። እትዬ ሳተኒግ፣ ማንኪያ ለመያዝ የእማማም የእኔም እጅ ያስፈልጋል። ይምጡልን።

ማክሩሂ

―――

ፍሬዝኖ
ጁላይ 3

ሙሽሪት፣

ሦስቱ ቃላት ደረሱኝ። በመስተዋት አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኳቸው፤ እንግዳ ሲመጣ እተረጉማለሁ።

እመጣለሁ።

ኦገስት 13 የወይን ቡራኬ ነው። ያኔ እመጣለሁ፤ እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። የእኛን ወይን በሣጥን ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተ እዚያ ከሱቅ የምታስባርኩትን ጠጠር እኔ ወይን አልለውም። የላይኛው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይያዝ። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ይቁሙ፤ ወይዘሮ አዛዱሂም የእኛዎቹን ይዛ ትገባለች፤ ፔሩዝ በሩን ራሷ ትከፍትላታለች። እማማ መሐል ላይ በወንበር ትቀመጥ፤ ያንን ቡናማ ሹራብ እንዳታለብሺያት። እኔ በማሰሮው እገባለሁ። አንቺ ማንኪያውን ትይዣለሽ፤ ሌላ ነገር እንዳትይዢ። ፎቶ አንሺ ይኑር። አበባው ነጭ ይሁን።

ጁን 22 በቴሌግራም «ቶሎ» ብለሽ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። ቶሎ ምንድን ነው? ወይኑ ሳይባረክ ማን ይበላዋል? ቀሚሴም ገና ሰፊ ጋ ነው። ከ1938 ጀምሮ የጠበቀ እርሾ አንድ ወር ቢጨመርበት አይበላሽም። እማማም አትሞትም፤ ይሄንን ቀን ሳታይ ብትሞት ከመንገዱ ገላግላ ውለታ ዋለችልኝ ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ ለእኔ ውለታ አትውልም።

ትበላለች አትበላም? በአንድ ቃል መልሺልኝ፤ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም።

ሳተኒግ

―――

ዋተርታውን
ጁላይ 12

ለተከበሩ እትዬ ሳተኒግ፣

አጭር ስለምጽፍ ይቅርታ።

አዳራሹ ተይዟል። ወይዘሮ ፔሩዝ በሩን ለመክፈት ተስማምተዋል፤ እንዲስማሙ ያደረጋቸውን ሲመጡ ይረዱታል። ፎቶ አንሺው የወይዘሮ አዛዱሂ የወንድም ልጅ ነው። ቡናማው ሹራብ ለችግረኛ ተሰጥቷል።

አበባውን በተመለከተ፣ ነጭ ይሁን ያሉት ይደረጋል፤ ነጭ አበባ ሰሞኑን ቤታችን ሞልቷል።

በአንድ ቃል ላሉኝ፣ አትበላም። አታማርርምም። ፖስተኛውንም መጠየቅ ትታለች። ምንም አይጎድልባትም።

ማክሩሂ

―――

ፍሬዝኖ
ኦገስት 4

ማክሩሂ፣

ስለ እማማ «አትበላም፣ አታማርርም» ብለሽ እንደጻፍሽልኝ ከሦስት ሳምንት በላይ ሆነው። ማታ ማታ አነበዋለሁ። እሷን አንቱ ማለትሽንም ትተሻል፤ ሥልጣን ነው ወይስ ድካም?

ቅዳሜ 12 ከሰዓት እደርሳለሁ። በአውሮፕላን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ኖባር ማሰሮውን በሻንጣ ልክተተው አለ፤ አይሆንም አልኩት። በጭኔ ነው የምይዘው።

አንድ ነገር ንገሪያት፤ እኔ ነኝ ያልኩሽ እንዳትዪ። ሰማያዊው ማሰሮ ራሱ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን እንኳ ሳይረጋበት ቀርቶ አያውቅም። ልጆቼ ሲወለዱ፣ ኖባር ሆስፒታል ሲተኛ፣ ቤቱ ውኃ ሲገባው፣ መጀመሪያ እሱን ነው የማወጣው። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ «እልህ ነው» እላለሁ።

ያንን መስተዋት ከሳሎን አውርጄዋለሁ። ይሄንንም አትንገሪያት።

እዚያ ሌሊት ይበርዳል? ወፍራም ነገር ልያዝ?

ሳተኒግ

―――

ዋተርታውን
ኦገስት 8፣ በፈጣን ፖስታ

ለተከበሩ እትዬ ሳተኒግ፣

ሌሊት አይበርድም። ጥቁር ነገር ይያዙ።

እማማ በጃንዋሪ መታመማቸውን ስጽፍልዎ የድመት ሥዕል ያለበት ካርድ ላኩ። በፌብሩዋሪ ስጽፍ ድመቱም ቀረ። በፋሲካ ማግስት እማማ ጠርተውኝ «የእኔ ሕመም አያመጣትም» አሉ። «እርጎው ሞተ በያት።»

«እማማ፣ እርጎው እኮ እዚያ ማሰሮው ውስጥ ነው» አልኳቸው።

«እዚያው ይሁን። ቢያልቅብሽ እንዳትመጪ ያልኳት እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ እንዴት ይመለሳል? እኔ ካለቀብኝ ግን ደንቡ ራሱ ያመጣታል። ታሸንፈኝ። መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታሸንፈኝ፤ እስኪረጋ ድረስ አያታለሁ።»

«ማን ገደለው እንበል?»

«አንቺ ነሻ። አንቺን መስደብ ትወዳለች፤ ደስ እያላት ትመጣለች።»

እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ያላጠፋሁትን ስናዘዝ፣ በላይኛው አዳራሽ በታችኛውም፣ እማማ ደብዳቤዎችዎን እያስነበቡኝ ይሰሙ ነበር። ስድቡ ሲጠነክር «እኔን ወጣች» እያሉ ይስቃሉ። ከሱቅ የመጣውን የቀመሱት ለእርስዎ የምጽፈው ነገር እንዳይጠፋ ብለው ነው፤ ሌላውን ቀን ሁሉ የበሉት የራሳቸውን ነው። ኋላ ግን እርሱም አልወርድ አላቸው። ደብዳቤው «ስለ መምጣት እንነጋገራለን» ላይ ሲደርስ እንደገና አንብቢው ይሉኝ ነበር።

ቴሌግራሙን በላክሁልዎ በሁለተኛው ቀን፣ ጁን 24 ቅዳሜ፣ ፖስተኛው ካለፈ በኋላ ዐረፉ። ቀለበታቸው ያለበት እጅ መስኮቱ ላይ ነበር። ከሱ በፊት ቃል አስገብተውኛል። «እመጣለሁ ሳትል መሞቴን እንዳትነግሪያት። ለሬሳ ሁሉም ይመጣል፤ እኔ የሬሳ እንግዳ አልፈልግም።» ዜና ዕረፍቱ በላይኞቹ ጋዜጣ ወጥቷል፤ የታችኞቹ የእኛን ጋዜጣ እንደማያነቡ ስለማውቅ አልሠጋሁም። ወይዘሮ አዛዱሂ ግን በቀብሩ ዕለት ከመንገዱ ማዶ ቆመው አይቻቸዋለሁ፤ ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው፣ እሺ አሉ። አርባቸውም ባለፈው ረቡዕ ወጥቷል።

እመጣለሁ ብለው የጻፉት ጁላይ 3 ነው። የእማማ ቃል እዚያ ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ የእኔ የራሴ ነው፤ በእርሳቸው አያሳብቡ። ለሠላሳ ዓመት ሙሽሪት ሲሉኝ አንድም ቀን አልመለስኩልዎም፤ አንድ ወር ያህል ዝም ብል ብዙ አይደለም ብዬ ገመትኩ። የኦገስት 4 ደብዳቤዎ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ግምቴ ልክ ነበር።

አዳራሹ እንደተያዘ ነው። ከዚህ በታች ያለው እርማት እሑድ ከወይን ቡራኬው በኋላ በላይኛው አዳራሽ፣ ማታ ደግሞ በታችኛው፣ ቀድሞ ባነበብኩበት ቦታ ቆሜ ይነበባል።

ሙሽሪት

እርማት

ኤፕሪል 11 ቀን 1972 በተጻፈ ደብዳቤ፣ የእማማ ሃይጋኑሽ እርጎ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱ ተገልጾ ነበር። የተገለጸው ስሕተት ነው። እርጎው በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል፤ ዛሬ ጠዋትም ረግቷል። የሞቱት እማማ ሃይጋኑሽ ናቸው። በዚሁ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የሚገኘው «ይምጡልን» የሚለው ቃል ተሰርዟል።